አንድ ድስት፣ ሁለት ሳህን

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ሴት ልጄ በቅርቡ ምግብ ማብሰል ጀምራለች፤ በጣም ደስ ብሎኛል። እኔ ግን የደም ግፊት ስላለብኝ ሐኪሜ ጨውና ዘይት ቀንሺ፣ ክብደትሽንም ቀንሺ ብሎኛል። ስለዚህ ስታበስል አጠገቧ ቆሜ «ይሄ በዛ፣ ያንን ቀንሺ» እያልኩ አላስቀምጣትም። ሰሞኑን ማንኪያውን ጥላ ከማድ ቤት ወጣች። እኔ ሩዝና ዳቦ ከተውኩ ወዲህ ደግሞ እሷም መተው ጀምራለች። ልከልክላት ወይስ ለጤናዋ ጥሩ ነው ብዬ ዝም ልበል?
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ከጨውም ከዘይትም በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነውና። ዝም አይበሉ። በ14 ዓመት ሰውነት ገና እየተሠራ ነው። ብዙ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት የአሜሪካ የሥነ ምግብ መመሪያ ከ9 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን 1300 ሚሊግራም ካልሲየም ይላል፤ በ30ዎቹና በ40ዎቹ ዕድሜ ላለች እናት ግን 1000 ይበቃታል። ከ14 እስከ 18 ዓመት ያሉ ሴቶች ልጆች የወር አበባም ስላለ በቀን 15 ሚሊግራም ብረት ያስፈልጋቸዋል። የእርስዎ ሳህን ለእሷ አይበቃትም ማለት ነው።

አንድ ቀን ረጋ ብላችሁ ስትቀመጡ በግልጽ ይንገሯት፦ «ሐኪሙ ይህን ያዘዘው ለእኔ ነው፤ አንቺን አይመለከትም።» መስተዋት ፊት ቆሞ «ወፈርኩ» ማለትን ደግሞ እባክዎ ይተዉት። እናት ስለ ራሷ ሰውነት የምትናገረውን ልጅ ስለ ራሷ አድርጋ ነው የምትሰማው። ምግብ የምትዘል፣ ብቻዋን ካልሆነ የማትበላ፣ የሚያዞራት ወይም የወር አበባዋ የቀረ ከሆነ ግን ምክር ብቻ አይበቃም፤ ቀን ሳይጨምሩ ሐኪም ጋ ይውሰዷት።

አሁን ወደ ድስቱ። ወጣቶችን ምግብ ማብሰል ሳስተምር ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ፦ ልጆች ጨውን ከዕቃው በቀጥታ ይነሰንሳሉ። እንፋሎቱ ጨውን ያረጥበዋል፤ ቀዳዳው ይደፈናል፤ ሲያራግፉት በአንዴ ይዘረገፋል። ስለዚህ መጀመሪያ መዳፍ ላይ ያድርጉት እላቸዋለሁ። መዳፍ ላይ ያለ ጨው ይታያል፤ የበዛ ከመሰለ ይመለሳል። ለመቅመስም ከድስቱ በማንኪያ አውጥቶ ማቀዝቀዝ ነው። ምላስ እየተቃጠለ የጨው ልክ አይለይም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው፤ አንድ ሙሉ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ዳቦ፣ አይብና የታሸገ ምግብ ውስጥ ያለው ሁሉ በዚያው ይቆጠራል። በኩብ መልክ የሚሸጡት የሾርባ ማጣፈጫዎችም ባብዛኛው ጨው ናቸው፤ እነሱን የምትጨምር ከሆነ ሌላ ጨው አያስፈልጋትም። ለልጅዎም ቢሆን ጨው ማብዛት አይጠቅማትም፤ ይህን ግን በማድ ቤት ጭቅጭቅ አትማረውም።

እኔ የምመክርዎ እንዲህ ነው። ምስር ሾርባ ልትሠራ ነው እንበል። ሽንኩርቱን በትንሽ ዘይት፣ በዝግታ፣ ወርቃማ እስኪሆን ታቁላላው። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ትጨምር፤ ምስሩ ሲበስል ሎሚ ትጭመቅበት። እስካሁን ጨው የለም። የእርስዎን ድርሻ ቀድማ በሳህን ታውጣልዎ፤ የቀረውን እሷ እንደ ፍላጎቷ ታጣፍጠው። ለሁለት ሰው ሁለት ድስት መጣድ አያስፈልግም። መጀመሪያ አልጫ ይሆንብዎታል፤ በሳምንታት ውስጥ ግን ምላስ ይለምዳል። ዘይቱን ከጠርሙሱ ሳይሆን በሾርባ ማንኪያ ትስፈረው፤ አንዱ ማንኪያ 120 ካሎሪ ገደማ ነው። «ጨው የሌለው ጨው» እየተባለ የሚሸጠውን፣ ፖታስየም ያለበትን ምትክ ግን ሐኪምዎን ሳይጠይቁ አይጠቀሙ፤ የኩላሊት ችግር ላለበት ወይም አንዳንድ የግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው አደገኛ ነው።

ይህን ሁሉ ምድጃው ሳይለኮስ ተስማሙና ከዚያ ወጥተው ይቀመጡ። እሳት ፊት ቆማ ለምትሠራ ልጅ ማንኛውም አስተያየት ትችት ነው የሚመስላት። ሳይሰለቹ ሊያስተምሯት የሚገባው ደኅንነቷን ነው። መጥበሻ ላይ ዘይት ከተቀጣጠለ ውኃ ፈጽሞ አይደፋም፤ ክዳን ይከደናል፣ እሳቱ ይጠፋል፣ እስኪቀዘቅዝ አይነካም። ዶሮ ውስጡ 74 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪደርስ መብሰል አለበት። የተረፈ ሩዝ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ። ሲበሉ ደግሞ ከካሎሪው በፊት ስለ ጣዕሙ ያውሩ፤ ሽንኩርቱ በደንብ ከቀላ ይንገሯት።

ጥያቄ፦ 15 ዓመቴ ነው፤ እራት የማበስለው እኔ ነኝ። አባቴ የስኳር ሕመም አለበት፤ መድኃኒትም ይወስዳል። ሩዝ፣ ዳቦና ድንች ጭራሽ ባልሰጠው አይሻልም?

መልስ፦ አባትህን እንዲህ ማሰብህ በጣም ደስ ይላል፤ ግን በራስህ ውሳኔ ጭራሽ አታስቀር። ኢንሱሊን ወይም አንዳንድ እንክብሎችን የሚወስድ ሰው የለመደውን ምግብ በድንገት ሲያጣ ስኳሩ አደገኛ እስኪሆን ድረስ ሊወርድ ይችላል። ይልቅ የሳህኑን ግማሽ በአትክልት፣ ሩቡን በእንቁላል፣ በዓሣ፣ በዶሮ ወይም በባቄላ፣ የቀረውን ሩብ በሩዝ ወይም በዳቦ ሙላለት፤ ያልተፈተገ እህል ቢሆን ይመረጣል። ሰዓቱንም አታዛባበት።

ድንገት ከተንቀጠቀጠ፣ ካላበው ወይም ግራ ከተጋባ ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ስጠው፤ ከ15 ደቂቃ በኋላም ለውጥ ከሌለው ድገምለት። ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም አታድርግ፤ ወዲያው ለእርዳታ ደውል። በሚቀጥለው ቀጠሮው አብረኸው ግባና የሚወስደው መድኃኒት ስኳር በጣም ሊያወርድበት ይችል እንደሆነ ራስህ ሐኪሙን ጠይቅ። የምታበስለው አንተ ስለሆንክ መልሱን ማወቅ ያለብህ አንተ ነህ።