ለኦፕሬሽን የቱ ማስታገሻ ይሻላል? ጥያቄያችሁና መልሴ

ሥራዬ ሰመመን መስጠት ነው። ኦፕሬሽን ላይ ስለሚሰጡት ከባድ የህመም ማስታገሻዎች፣ ስለ ሞርፊን፣ ፔቲዲን፣ ፌንታኒልና ዘመዶቻቸው ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ብዙ ጠየቃችሁ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ።

ጥያቄ፦ ከሁሉም የሚበረታው የቱ ነው?

ይሄን ያልጠየቀኝ የለም። 10 ሚሊግራም ሞርፊን የሚሠራውን 100 ማይክሮግራም ፌንታኒል ይሠራዋል። ስለዚህ ፌንታኒል 100 እጥፍ ያህል ይበረታል። ዘመዱ ሱፈንታኒል ከፌንታኒልም ከ5 እስከ 10 እጥፍ ይበልጣል። ፔቲዲን ደግሞ ደከም ይላል፤ 10 ሚሊግራም ሞርፊንን ለመተካት ከ75 እስከ 100 ሚሊግራም ያስፈልጋል።

ይሄ ቁጥር የሚነግራችሁ ግን ስሪንጁ ውስጥ ስንት እንደሚገባ ብቻ ነው። በተመጣጣኝ መጠን ከተሰጡ ሁሉም ህመም ያስታግሳሉ፣ ሁሉም ትንፋሽ ያዘገያሉ። እኔ ስመርጥ የማስበው ሌላ ነው። መቼ ይጀምራል? መቼስ ይለቃል?

ጥያቄ፦ የሰመመን ተማሪ ነኝ። እስቲ በሰዓት አነጻጽርልን።

ደስ የሚል ጥያቄ ነው ወንድሜ። ፌንታኒል ስብ ውስጥ በቀላሉ ስለሚሟሟ ወደ አንጎል ፈጥኖ ይገባል። በደም ሥር ከሰጠኸው በ1 ወይም በ2 ደቂቃ ይጀምራል፤ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ሙሉ ጉልበቱ ይወጣል። የትንፋሽ ቱቦ ከማስገባታችን በፊት የምንሰጠው ለዚህ ነው። ጉሮሮ ሲነካ የደም ግፊቱም የልብ ምቱም ሽቅብ ይወጣል፤ እሱ ያበርደዋል። አንድ መርፌ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ያገለግላል።

ሞርፊን ዝግ ያለ ነው። ጉልበቱ እስኪወጣ 20 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ ከዚያ ግን ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይቆያል። ስለዚህ ቀደም ብለህ ስጠው። ቆዳ መስፋት ከተጀመረ በኋላ ከሰጠኸው ጉልበቱ የሚወጣው ሪከቨሪ፣ ማለትም ከኦፕሬሽን በኋላ ታካሚው የሚያገግምበት ክፍል ነው፣ አንተ በሌለህበት።

ፌንታኒል ላይ የምትጠነቀቀው ነገር አለ። አንዱ መርፌ ቶሎ የሚለቀው ጉበት ስላጠፋው አይደለም። ከአንጎል ወጥቶ ወደ ጡንቻና ወደ ስብ ስለሚሰራጭ ነው። ለሰዓታት ካንጠባጠብከው እዚያ ይጠራቀማል። ያኔ አጭሩ መድኃኒት ረጅም ይሆንብሃል። ሌላው ዘመዱ ሬሚፌንታኒል እንዲህ አይጠራቀምም። በደምና በሰውነት ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ይሰባብሩታል፤ 1 ሰዓትም ስጠው 8 ሰዓት፣ ካቆምከው ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። ጥቅሙም ጉዳቱም ይኸው ነው። ሲቆም ጥርግ ብሎ ስለሚሄድ፣ ሌላ ማስታገሻ አስቀድመህ ካልሰጠህ ታካሚው ሙሉ ህመሙን ይዞ ይነቃል። ይሄን አደራ፣ አትርሳ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዋሽንግተን ነው። ፌንታኒል ሰው ገደለ ሲባል በየቀኑ እንሰማለን። ለእናቴ ኦፕሬሽን ላይ ይሰጣታል ሲሉኝ ደነገጥኩ።

ድንጋጤሽ ይገባኛል እህቴ። ጎዳና ላይ የሚሸጠው በድብቅ የተሠራ ነው፤ ውስጡ ስንት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ኦፕሬሽን ክፍል ያለው የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ግን በ1 ሚሊ ሊትር 50 ማይክሮግራም ተብሎ ተጽፏል። ቤልጅየማዊው ፖል ያንሰን እ.ኤ.አ. በ1960 ካገኘው ጀምሮ ሐኪሞች ሲያጠኑት የኖሩት መድኃኒት ነው። እናትሽ ትንፋሿ ቢዘገይ ማሽን ይተነፍስላታል፤ ከራስጌዋ የማይለይ ባለሙያም አለ። ከዚህ ቀደም የህመም ኪኒን አዘውትራ የምትወስድ ከሆነ ግን አሁኑኑ ንገሪያቸው። መጠኑም ክትትሉም ይለወጣል።

ጥያቄ፦ አባቴ ኩላሊቱ ደክሟል። የቱ ይሻለዋል?

ፌንታኒል ይሻላል። ሞርፊን ጉበት ውስጥ ተለውጦ የሚወጣው ነገር ራሱ ኃይለኛ ነው፤ መውጫው ደግሞ በኩላሊት ነው። ከተጠራቀመ እንቅልፍ ያበዛል፣ ትንፋሽ ያዘገያል። ፔቲዲን ከዚያም ይብሳል፤ ቅሪቱ እንደ ሚጥል በሽታ ሰውን ሊያንዘፈዝፍ ይችላል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ፔቲዲን ለምን አልቀረም?

ከኦፕሬሽን በኋላ ብርድ ብርድ ብሎት ጥርሱ ለሚንገጫገጭ ሰው 25 ሚሊግራም አካባቢ ሲሰጥ ጸጥ ያደርገዋል። ለዚያ እወደዋለሁ። ለዋና ማስታገሻነት ግን ሌላ ካለ አልመርጠውም።

ጥያቄ፦ በኦፕሬሽን ስወልድ ወገቤ ላይ ተወጋሁ። ህመም አልነበረኝም፣ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲያሳክከኝ አደረ። አለርጂ ነው?

ከማደንዘዣው ጋር ትንሽ ሞርፊን ጨምረውልሽ ከሆነ ማሳከኩ የታወቀ ጠባዩ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አለርጂ አይደለም። በዚህ መንገድ ከ100 እስከ 150 ማይክሮግራም ብቻ እስከ 24 ሰዓት ያስታግሳል። ነርሶቹ ሌሊት እየመጡ ትንፋሽሽን የቆጠሩትም ለዚሁ ነው፤ ከሰዓታት በኋላም ሊያዘገይ ይችላል።

ጥያቄ፦ ማርከሻው ናሎክሶን ካለ ምን ያስፈራል?

አንድ ሌሊት የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ አባት ሪከቨሪ ገብተው ሞርፊኑ በረታባቸው። ደረታቸው ላይ እጄን አድርጌ ቆጠርኩ፤ በደቂቃ 6። የዓይናቸው ብሌን የመርፌ ጫፍ አክሏል። «አባባ፣ ይተንፍሱ!» ስላቸው ይተነፍሳሉ፤ ዝም ስላቸው ይተዉታል። ናሎክሶን በትንሽ በትንሹ ሰጠናቸው። ሙሉውን ባንዴ ብትሰጡት ህመሙን በሙሉ ይመልሰዋል። ዓይናቸውን ገለጡ። ሁሉም ተነፈሰ።

ናሎክሶን ግን ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ነው የሚቆየው። ሞርፊኑ ይበልጠዋል። ስለዚህ ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከ1 ሰዓት በኋላ እንደገና ማንቀላፋት ጀመሩ። ደግመን ሰጠናቸው። ሊነጋ ሲል በደቂቃ 14 ይተነፍሱ ነበር፤ ውሃ ስጡኝ አሉ።