«ልጆቼን የማትቧጭር ድመት የትኛዋ ዝርያ ናት?» ላለችው የደሴ እህታችን

እህት ዓለም፣ ሌሎቹም እንዲከታተሉ ጥያቄሽን ባጭሩ ላንሳው። ደሴ የምትኖሪ የሁለት ልጆች እናት ነሽ፤ ትልቁ 8፣ ትንሿ 5 ዓመቷ ነው። እናትሽ ቤት ውስጥ ስለሚሰግዱ ውሻ አይሆንም ብለሻል። ከአዲስ አበባ ፐርሺያን ወይም ራግዶል ልታስመጪ አስበሽ፣ ከሁለቱ ሰው የምትወደው የትኛዋ ናት ነው ያልሽው።

ሁለቱም ሰው ይወዳሉ። ግን ገንዘብሽን ከማውጣትሽ በፊት፣ አደራ፣ ከዝርያዋ አስቀድመሽ አስተዳደጓን ጠይቂ። የድመት ግልገል ሰውን ወዳጅ ወይም ጠላት ብላ የምትለየው በዋናነት ከተወለደች ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ሴትም፣ ወንድም፣ ልጅም በየቀኑ ካቀፏትና ካጫወቷት፣ በድምሩ ግማሽ ሰዓት እንኳ ቢሆን፣ አድጋም ሰው አትሸሽም። ሦስት ወር እስኪሞላት ማንም ሳይነካት ጓዳ ወይም ቆጥ ላይ ያደገች ግን የፈለገውን ያህል ዋጋ ቢወጣባት እንግዳ በመጣ ቁጥር አልጋ ሥር ናት። ከዚያ በኋላ አትለምድም ማለት አይደለም፤ ወራት ይፈጃል፣ የምትለምደውም ብዙ ጊዜ የሚመግባትን አንድ ሰው ብቻ ነው።

በዚህ በኩል የእኛ የወሎ ቡና ትልቅ ጥቅም አለው። ከአቦል እስከ በረካ ጎረቤት የሚሰበሰብበት ቤት የተወለደች ግልገል ሁለት ወር ሳይሞላት የብዙ ሰው ድምፅ፣ የብዙ ሰው እጅ ለምዳለች። ሸዋ በር ሰፈርም ሆነ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ እንዲህ ያለ ቤት ድመት መውለዷን ከሰማሽ መጀመሪያ እዚያ ሂጂ። እህል መጋዘን ውስጥ የተወለዱት አይጥ በመያዝ ጎበዝ ይወጣቸዋል፤ ለልጆችሽ ጭን ግን ሌላ ቦታ ፈልጊ።

ቀጥሎ ወላጆቿን እይ። ድፍረት ከአባትም ይወረሳል፣ አባቱ ግልገሎቹን ባያሳድግም። አባቱ የትኛው አውራ እንደሆነ ጎረቤት ካወቀ ሰው ሲቀርበው ይሸሻል ወይስ ይቆማል ብለሽ ጠይቂ። እናቲቱን ግን በዓይንሽ ሳታዪ ግልገል አትውሰጂ። እናት ሰው ስታይ የምትበረግግ ከሆነ ልጆቿም እሷን እያዩ መሸሽን ይማራሉ።

አሁን ወደ ዝርያዎቹ። ራግዶል በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ የተራባች ናት፤ ብዙዎቹ ሲያነሷቸው ሰውነታቸውን ዘና አድርገው ይለቃሉ። ለልጆች በጣም ትመቻለች። ወንዱ እስከ 9 ኪሎ ሊደርስ ስለሚችል የሥጋ ወጪውን አስቢ። ፐርሺያን ዝምተኛ ናት፣ ባስቀመጥሽበት ትቆያለች፤ ጠጉሯ ግን በየቀኑ ማበጠሪያ ይፈልጋል። ሁለት ሦስት ቀን ካለፈ ብብቷና ጭኗ ሥር ይቋጠርና ቆዳዋን ይጎትታል፤ ያኔ ስትነኪያት ያማታልና ትቧጭራለች። ሰዎች «ጠባይዋ ተበላሸ» የሚሉት ብዙ ጊዜ ይኼንን ነው። ፊቷ ጠፍጣፋ ስለሆነ እንባዋ ይፈስሳል፣ በሙቀትም ትንፋሽ ያጥራታል። ደሴ ላይ ይህ ብዙ ላያሳስብ ይችላል፤ ከሚሴ ወይም ባቲ ላለ ሰው ግን ፐርሺያን ግዛ አልለውም። በዘር የሚተላለፍ የኩላሊት በሽታም ስላለባቸው ወላጆቿ ተመርምረው እንደሆነ ጠይቂ። ሲያሚዝ ሰው ተከትላ የምትዞር፣ ቀኑን ሙሉ የምታወራ ድመት ናት፤ ቤቱ ባዶ የሚውል ከሆነ ትጮኻለች። ጠጉር የሌላት ስፊንክስ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ላለችው ደሴ ብርድ አትሆንም።

አቢሲኒያንን ብዙ ሰው ስሟን ሰምቶ «የአገራችን ናት» ይላል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ሲመለስ ዙላ የተባለች ድመት ወደ እንግሊዝ ተወስዳ የዝርያው መነሻ ሆነች ይባላል፤ መቅደላ እዚሁ ደቡብ ወሎ ስለሆነ ታሪኩ ለእኛ ደስ ይላል። የዘረመል ጥናቶች ግን መነሻዋን ወደ ህንድ ውቅያኖስ ዳርቻ አገሮች ነው የሚያመለክቱት። ጠባይዋን ካነሳን ሰው ወዳድ ናት፤ ግን መጋረጃ ላይ የምትወጣ፣ ቁም ሣጥን ላይ የምትዘል እንጂ ጭን ላይ የምትተኛ አይደለችም።

ለአንቺ ቤት የእኔ ምርጫ በደንብ ያደገች የሰፈር ድመት ናት። ብርዱን ለምዳዋለች፣ ጠጉሯም አጭር ነው። ዋናው ነገር ደግሞ እናቷንና ያደገችበትን ቤት ሄደሽ ማየት መቻልሽ ነው፤ ከአዲስ አበባ በፎቶ ስትገዢ ይህ አይገኝም።

ልትመርጪ ስትሄጂ ግልገሎቹ 8 ወይም 9 ሳምንት ይሁናቸው። «ሁለት ወር ሆኗታል» ሲሉሽ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኚያት፤ በደንብ የተመገበች የ8 ሳምንት ግልገል ከ800 እስከ 900 ግራም ትሆናለች። ዓይኗ ገና ድፍን ሰማያዊ ከሆነም 7 ሳምንት አልሞላትም ማለት ነው (ሲያሚዝና ራግዶል ሲቀሩ፤ የእነሱ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል)። በዕድሜው አልከራከርም ብለሽ እንዳታልፊው። በ5 ሳምንቷ ከእናቷ የተለየች ግልገል ንክሻን መመጠን አልተማረችም። ይህን የሚያስተምሯት ወንድሞቿና እህቶቿ ናቸው፦ ጠንከር አድርጋ ስትነክስ ጮኸው ጨዋታውን ያቆማሉ። ሳትማር ከመጣች የምትለማመደው በልጆችሽ እጅ ላይ ነው።

እዚያ ስትደርሺ መሬት ላይ ቁጭ በይ፣ ሌባ ጣትሽን በአፍንጫዋ ልክ ዘርግተሽ ጠብቂ። አትጥሪያት፣ አትያዢያት። በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ መጥታ ጣትሽን የምታሸትና ጉንጯን የምታሽ ጥሩ ናት። ከዚያ አንድ እጅሽን ከደረቷ፣ ሌላውን ከቂጧ ሥር አድርገሽ አንሻትና ግማሽ ደቂቃ ያዢያት። መጀመሪያ ብትታገል ችግር የለም፤ ቀስ በቀስ ሰውነቷ ከላላና ከጉሮሮዋ ኩርር የሚል ድምፅ ከመጣ የምትፈልጊያት እሷ ናት። ጆሮዋን ወደ ኋላ አጣጥፋ፣ ጥፍሯን አውጥታ እስከ መጨረሻው የምትታገለውን ተያት። መጨረሻ ላይ ከኋላዋ ቁልፍ ጣዪ። ሁሉም ይደነግጣሉ፤ ማየት ያለብሽ ስንት ጊዜ ወስዶባት እንደምትመለስ ነው። ደቂቃ ሳይሞላ ተመልሳ ቁልፉን ካሸተተች የልጆች ጫጫታ አይከብዳትም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የታመመችውን «ጭምት ናት» ብሎ መውሰድ ነው። ፈዛ የተኛች ካለች ከበላች በኋላ አንቀላፍታ ሊሆን ስለሚችል በሌላ ሰዓት ተመልሰሽ እያት። ድዷ ሮዝ ይሁን፤ ከነጣ ደም አንሷታል፣ ብዙ ጊዜም በቁንጫ ወይም በትል ነው። ጆሮዋ ውስጥ የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ነገር ካለ የጆሮ እከክ ነው፣ ይድናል። ዓይኗና አፍንጫዋ እየፈሰሰ ካስነጠሳት ግን እስክትድን አትውሰጂ፣ በተለይ ቤትሽ ሌላ ድመት ካለ።

ቀለም ጠባይን አይወስንም። ጾታም ቢሆን ያን ያህል አይለያይም፣ ከተኮላሸ ወይም ከመከነች። ወንዱ ካልተኮላሸ ግድግዳ ላይ ይሸናል፣ እየተደባደበ ቆስሎ ይመጣል። ሴቷ በ4ኛ ወሯ ልታረግዝ ትችላለች፤ ስለዚህ ቀደም ብለሽ የእንስሳት ሐኪም አማክሪ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷን በ12 ሳምንቷ ትውሰድ፣ ሐኪሙ በሚነግርሽ ጊዜም ይደገምላት።

የእናትሽን ጉዳይ በተመለከተ፣ በእስልምና ድመት ነጃሳ አይደለችም፤ መስገጃው ላይ ጠጉር እንዳይቀር ብቻ ከሶላት በኋላ ታጥፎ ይቀመጥ። የምትጸዳዳበትን የአሸዋ ወይም የሰጋቱራ ሳጥን ከዚያ ክፍል አርቂው፣ በየቀኑም ይጸዳ። ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች ሌላ ሰው ያጽዳው።

ምግቧ ላይ ጥብቅ ሁኚ። የወጥ ትራፊ አትስጪያት። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፣ ተቁላልቶ መብሰሉም አያድነውም። እንጀራና ሽሮ ብቻ የምትበላ ድመት ከሥጋ የምታገኘው ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ስለሚጎድላት ዓይኗና ልቧ ይጎዳል። ልብ፣ ዶሮ፣ እሾሁ የወጣለት የተቀቀለ የሐይቅ ዓሣ ጥሩ ነው፤ ጉበት በሳምንት አንዴ ይበቃል። የላም ወተት ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል፣ ውሃ ስጪያት። ለከብት መዥገር ወይም ለውሻ ቁንጫ የሚሸጥ መድኃኒት በፍጹም አታድርጊባት፤ ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው ፐርሜትሪን ድመትን ይገድላል። ፓራሲታሞልም አንድ ፍሬ እንኳ ሊገድላት ይችላል፣ በፍጹም አትስጪያት። አንቺም ጎረቤትሽም የአይጥ መርዝ የምትጠቀሙ ከሆነ መርዙን የበላውን አይጥ በልታ ልትሞት ስለምትችል ቀድመሽ ተነጋገሪ።

ልጆቹ መሬት ላይ ተቀምጠው እሷ ትምጣ፤ አገጯንና ጉንጯን ያሻሹ፣ ሆዷንና ጭራዋን አይንኩ። ጭራዋን ግራ ቀኝ መምታት ስትጀምር እጃቸውን ያንሱ፤ የሚቀጥለው ጥፍር ነው። ትንሿ ልጅሽ ቆማ አታንሳት፣ ከእጇ ከወደቀች ሁለተኛ አትቀርባትም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ቀናት አንድ ክፍል ውስጥ ከሳጥኗ፣ ከውሃዋና ከእናቷ ቤት ካመጣሽው ጨርቅ ጋር አቆያት። አልጋ ሥር ከገባች ጎትተሽ አታውጫት፤ ምግቧን እዚያው አስጠግተሽ አጠገቧ ቁጭ በይ። 24 ሰዓት ሙሉ ምንም ካልቀመሰች ግን ፍርሃት ነው ብለሽ አትጠብቂ፣ በዚያው ቀን ክሊኒክ ውሰጃት።