«ሲዲ 20 ተገኘብሽ» ወይስ «ታየ»?

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? ሜሪላንድ ነው ያለሁት። እናቴ አንገቷ ላይ ካበጠው ንፍፊት ናሙና ተወስዶ ሊምፎማ የሚባል የነጭ የደም ሴሎች ካንሰር ነው ተባለ፣ የፓቶሎጂው ወረቀት ላይ «ሲዲ 20 ፖዘቲቭ፣ ሲዲ 3 ኔጌቲቭ» ይላል። እኔም «ሲዲ 20 ተገኘብሽ፣ ከሲዲ 3 ግን ነጻ ነሽ» ብዬ ነገርኳት፣ ሌላ በሽታ የተጨመረባት መስሏት በጣም ደነገጠች። እንዴት ብዬ ላስረዳት?

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። ያስደነገጠቻት «ብሽ» የምትለዋ ናት። «ብ» ግስ ላይ ስትለጠፍ ብዙ ጊዜ ጉዳት ይዛ ነው የምትመጣው፣ ፈረደለት እና ፈረደበት በይ፣ ዘነበልን እና ዘነበብን በይ፣ አሁን «ይማርልሽ» ያልኩሽም በ«ል» ነው። በዛ ላይ «ተገኘባት»፣ «ፖዘቲቭ ናት»፣ «ነጻ ናት» የሚሉትን ስንት ዓመት ከኤችአይቪ ምርመራ ጋር ስንሰማቸው ኖረን እናትሽ እንደዛ ብትሰማው አይፈረድባትም፣ አማርኛው የሚለው እሱን ነው።

ደግሞ ፖዘቲቭ የተባለችው እሷ አይደለችም፣ ሴሎቹ ናቸው። ሲዲ 20 ቢ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ላያቸው ላይ ያለ ፕሮቲን ነው፣ እኔም አንቺም አለን፣ ሲዲ 3 ደግሞ ቲ ሴል የሚባሉት የሌሎቹ ነጭ የደም ሴሎች ፕሮቲን ነው። ላብ ውስጥ ናሙናውን ፎርማሊን ውስጥ አቆይተው ፓራፊን የሚባል ሰም ውስጥ ያስገቡትና በጣም ስስ አድርገው ይቆርጡታል፣ ከዛ ሲዲ 20ን ብቻ ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ የሚባል ፕሮቲን ያደርጉበታል፣ የያዘበት ቦታ ቡናማ ቀለም እንዲያወጣ ይደረጋል፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የሴሉ ዙሪያ እንደ ቀለበት ቡናማ ሆኖ መሀሉ ያለው የሴሉ እምብርት (ኒውክለሱ) ሰማያዊ ነው። ሐኪሙ የሚያነበው ቀለም ስለሆነ ግሱም «ታየ» ቢሆን ይሻላል፦ «የዕጢው ሴሎች ላይ ሲዲ 20 ታይቷል፣ ሲዲ 3 አልታየም፣ ስለዚህ ካንሰሩ የተነሳው ከቢ ሴል ነው ብለዋል» በያት።

«ነጻ ነሽ» የሚለውን ግን ጭራሽ ተይው። ሲዲ 3 በሽታ አይደለም፣ እዛው ናሙና ውስጥ ያሉ ጤነኛ ቲ ሴሎች በሲዲ 3 ቡናማ ሆነው ይታያሉ። ሆጅኪን የሚባለው ሊምፎማ ላይማ ብዙውን ጊዜ ሲዲ 30 እና ሲዲ 15 የሚባሉ ሌሎች ፕሮቲኖች ይታያሉ፣ ሲዲ 20 አብዛኛውን ጊዜ አይታይም፣ ታዲያ ያ ሰው «ነጻ ነህ» ሊባል ነው? «የካንሰር ምልክት» ማለትም ያምታታል፣ ምልክት ሲባል ሰው የሚያስበው ላብ፣ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ ነው፣ ለነሲዲ 20 ግን «መለያ» በይ።

አንድ የሚያጽናና ነገር ልጨምርልሽ፣ አሜሪካ ውስጥ በ1997 የተፈቀደው ሪቱክሲማብ የሚባለው የሊምፎማ መድኃኒት የሚይዘው ይሄንኑ ሲዲ 20ን ነው፣ ሐኪሟ ካዘዘላት «መድኃኒቱ የሚይዘው ቦታ አለ» ብትያት ልክ ነው። «ተገኘልሽ» ግን አትበያት፣ መዳኗን ቃል የገባሽላት ይመስላል። በስልክ የሚመጣው አስተርጓሚም «ተገኘብሽ» እንዳይላት ቀጠሮው ሳይጀመር ንገሪው።