ውጭው 42 ዲግሪ፣ ሳሎኑ 32፦ የጣሪያ ኩለርዎን ሞተር ከመቀየርዎ በፊት

አንዲት አንባቢ ከአሪዞና፣ ከፊኒክስ ከተማ ጽፈውልኛል። የገዙት ቤት አሮጌ ነው፤ ጣሪያው ላይ በውሃ ትነት የሚሠራ ኩለር አለው። ሰኔ መግቢያ ላይ ደኅና ያቀዘቅዝ ነበር። አሁን ግን ውጭው 42 ዲግሪ ሲደርስ ሳሎኑ ከ32 አይወርድም። የአልጋ ልብሱ ይረጥባል፣ የመኝታ ቤት በሮች በራሳቸው ተላትመው ይዘጋሉ፣ ከአየር ማስገቢያው ነጭ ፍርፋሪ ይረግፋል። መጥቶ ያየው ሠራተኛ «ሞተሩ ደክሟል፣ ይቀየር» ብሏቸዋል። እናታቸው ከአገር ቤት መጥተው አብረዋቸው ስለሚኖሩ ነገሩ አስጨንቋቸዋል።

እህቴ፣ ሞተሩን አይግዙ። የደከመ ሞተር በር የሚያላትም ነፋስ አይሰጥም። በሮቹ የሚላተሙት ነፋሱ በዝቶ መውጫ ስላጣ ነው። ቅዝቃዜው እንዳያመልጥ ብለው መስኮቶቹን በሙሉ ዘግተዋል ብዬ እገምታለሁ። ነጩ ፍርፋሪ የደረቀ የውሃ ኖራ ነው፤ እሱ ደግሞ ሁለተኛውን ችግር ነገረኝ፦ ከፓዶቹ፣ ማለትም አየር ከሚያልፍባቸው በውሃ ከሚረጥቡት የኩለሩ የጎን ምንጣፎች፣ ቢያንስ አንዱ ውሃ አይደርሰውም። በደረቁ ፓድ በኩል ትኩስ አየር እንዳለ ይገባል፤ በእርጥቡ በኩል የገባው አየር ደግሞ ቤት ውስጥ ታፍኖ ይቀራል። ሙቀቱና እርጥበቱ አብረው የመጡት በዚህ ምክንያት ነው።

መስኮት የመክፈቱን ነገር ደንበኞቼ ሁሉ ስለሚጠራጠሩት ምክንያቱን ላስረዳ። ቆላ አገር ያደገ ሰው በሸክላ እንስራ የተቀመጠ ውሃ ለምን እንደሚቀዘቅዝ በእጁ ያውቀዋል፤ ውሃው በሸክላው ወዝቶ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ኩለሩም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን ከአየሩ የሚወስደው ሙቀት አንድ ሺህ ዋት ማሞቂያ በ40 ደቂቃ ከሚሰጠው ጋር እኩል ነው። ነገር ግን ውሃ በደንብ የሚተነው አየሩ ደረቅ ሲሆን ብቻ ነው። ውጭው 42 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 10 በመቶ ከሆነ፣ ጤነኛ ኩለር አየሩን ወደ 24 ዲግሪ ያወርደዋል። በዝናቡ ወቅት ነፋስ እርጥበት መጥቶ ውጭው 40 ዲግሪ፣ እርጥበቱም 35 በመቶ ሲሆን ግን ያው ኩለር ከ30 ብዙም ዝቅ ማድረግ አይችልም፤ ማሽኑ ሳይበላሽ ማለት ነው። በፊኒክስ ይህ የእርጥበት ወቅት ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 30 ተብሎ ይቆጠራል። መስኮት ሲዘጋ የሚሆነው ከዚህ ይብሳል። ኩለሩ ካስገባው አየር ጋር እርጥበቱም ቤት ውስጥ ይከማቻል፤ መውጫ ያጣው ነፋስ ደግሞ አዲስ አየር እንዳይገባ ይገፋል። ከዚያ በኋላ የቤቱን ግድግዳና የሰዎቹን ሙቀት ጠርጎ የሚያወጣ የለም። ኩለር አየር አስገብቶ በሌላ በኩል የሚያስወጣ ማሽን ነው፤ ከኤር ኮንዲሽነር ጋር አንድ አድርገው አይዩት። ሁለቱን በአንድ ጊዜም አያሠሩ።

ስለዚህ ዛሬውኑ ማቀዝቀዝ በሚፈልጉት ክፍል፣ ከአየር ማስገቢያው ራቅ ያለውን መስኮት ከአምስት እስከ አሥር ሳንቲ ሜትር ይክፈቱ። ቀጭን ሶፍት የመስኮቱ ወንፊት ላይ ያስጠጉ፤ ነፋሱ ለስለስ አድርጎ ከያዘው ልኩ ነው። ቢወድቅ መክፈቻው በዝቷል፤ በሮቹ አሁንም ከተላተሙ አንሷል።

ወደ ጣሪያው የሚወጡት ጎሕ ሲቀድ ነው። በ2023 በጋ ፊኒክስ 31 ቀን በተከታታይ ከ43 ዲግሪ በላይ ውላለች፤ በእንዲህ ያለ ከተማ ቀትር ላይ የጣሪያ ቆርቆሮ እጅ ይልጣል። ከመውጣትዎ በፊት የኩለሩን ብሬከር ከዋናው ሳጥን ያጥፉ። የግድግዳው ማብሪያ አይበቃም። እርጥብ ቆርቆሮ ውስጥ እጅዎን የሚከቱት ኤሌክትሪክ አለመኖሩን በቴስተር ካረጋገጡ በኋላ ብቻ ነው። ጓንት ያድርጉ፤ ጊንጥ በዚህ ወቅት እርጥበት ፈልጋ ክዳኑ ሥር ትተኛለች።

የጎን ክፈፎቹን ያውጡና ፓዶቹን ይዩ። ከላይ እስከ ታች የደረቀ፣ ነጭ የወረሰው መስመር ያገኛሉ ብዬ እጠብቃለሁ። በዚያ በኩል ያለውን ቀጭን የውሃ ቱቦ ነቅለው ይመልከቱት፤ በኖራ ተደፍኖ ይሆናል። የፊኒክስ ውሃ ከኮሎራዶ፣ ከሶልትና ከቨርዴ ወንዞች የሚመጣ ማዕድን የበዛበት ውሃ ነው፤ ውሃው ሲተን ማዕድኑ ይቀራል። ቱቦዎቹን በሽቦ ይውጉ፣ በኮምጣጤ ይዘፍዝፉ። የፓምፑን ወንፊት ይጠቡ፣ ገንዳውን ጠርገው ያጥቡ።

በላኩልኝ ፎቶ ላይ አንዱ ክፈፍ ሁለት ፓድ ተደራርቦበት አየሁ፤ ይህ የቀድሞው ጠጋኝ ሥራ ነው። ያናድዳል! ፓድ ሲደራረብ ነፋስ ይታነቃል፣ ውስጠኛው ሳይረጥብ ይቀራል። የውሃ ማስተካከያውን ተንሳፋፊ ኳስም በሽቦ አስሮታል። ሽቦውን ይፍቱ፤ ኳሱ የማይሠራ ከሆነ ይቀይሩት፣ ዋጋው ትንሽ ነው። ፓድ ሲገዙ ወደ ብርሃን አንሥተው ይዩ። አሁን በርካሽ የሚሸጡት ስስ ናቸው፤ በመካከላቸው ሰማይ ይታያል፣ በሳምንታትም ውስጥ ተንሸራተው ከላይ ባዶ ቦታ ይተዋሉ። ጥቅጥቅ ያለ የአስፐን እንጨት ፓድ ይግዙና ከአቧራው ማዕበል በኋላ በበጋው አጋማሽ አንድ ጊዜ ይቀይሩት።

ኖራው እንዳይመለስ ከፓምፑ መስመር ላይ ጥቂት ውሃ ሳያቋርጥ የሚያፈስ ትንሽ ቱቦ ያስገቡ። ጨዋማ ነውና ውሃውን ወደ አትክልቱ አይስደዱት፤ ጨው የሚችል እንደ ቴምር ያለ ዛፍ ካለዎት እሱን ያጠጡበት።

እግረ መንገድዎን ሞተሩን ከማራገቢያው የሚያያይዘውን ቺንጋ በጣት ይጫኑ፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ከገባ ይተዉት። ከልክ በላይ የተወጠረ ቺንጋ ኩሽኔታ ይበላል።

ስለ እናትዎ ግን አንድ ነገር ልጨምር። እርጥበቱ በበረታበት ቀን ይህ ኩለር አይበቃቸውም። ቤቱ ኤር ኮንዲሽነር ከሌለው ከቀትር በፊት ወደ ቀዝቃዛ ቦታ ይውሰዷቸው፤ ከተማው በበጋ የማቀዝቀዣ ማዕከላት ይከፍታል። ግራ ከተጋቡ ወይም ሰውነታቸው ከጋለ ሳይዘገዩ 911 ይደውሉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ፣ ፓዶቹ አራቱም በኩል ረጥበው፣ መስኮቱም ተከፍቶ ከማስገቢያው የሚወጣው አየር በደረቅ ቀን ከ28 ዲግሪ በላይ ከሆነ፣ የፑሊውን (ቺንጋው የሚዞርበትን ጎማ) እና ሞተሩ ላይ ቁጥሮች የተጻፉበትን ሳህን ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ። ፎቶውንም ሲያነሡ ብሬከሩ ይጥፋ።