እዚያው ቤት ልግዛ ላልከኝ ልጅ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ሜልቦርን፣ ፉትስክሬይ ሰፈር ቡና እየጠጣን «ጋሼ፣ ወርቅ ማዕድን ቦታ ሥራ አገኘሁ። እዚያው ቤት ልግዛ?» አልከኝ። ሳልመልስልህ ተለያየን። ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኸኝ።

ጂኦሎጂስት ነበርኩ። ደቡብ ኢትዮጵያ አንድ የወርቅ ቦታ ስሠራ የማውቀው የቁፋሮ ሠራተኛ ነበር። ሳቂታ ሰው ነው። አንድ ቀን ቆርቆሮ አሸክሞ መጣ። «ኢንጂነር፣ ቤት ልሠራ ነው። ወርቁ አለ አይደል?» አለኝ። የናሙናው ውጤት ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ወርቁ እየሳሳ ነው። አለቆቼ ደግሞ ለማንም እንዳትተነፍስ ብለውኛል። ጫማዬን እያየሁ «አለ፣ አለ» አልኩት። ውሸት እንኳ አልነበረም። አለ፣ ግን ሁለት ዓመት አያስኬድም። ቤቱ ሲመረቅ ጠርቶኝ ዶሮ በላሁ። ሥራው ሲቆም ያንኑ ቆርቆሮ ነቅሎ አይሱዙ ላይ ሲጭን አየሁት። ከመኪናው ላይ ሆኖ እጁን አውለበለበልኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እዚህ አውስትራሊያ ከመጣሁ በኋላ ዋልሃላ የሚባል የድሮ የወርቅ ከተማ አየሁ። ከሜልቦርን በስተምሥራቅ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1862 መጨረሻ ጅረቱ ውስጥ ወርቅ ተገኘና ሺዎች ሰፈሩበት። የማዕድኑ ጉድጓድ ከ900 ሜትር በላይ ወረደ። የእንፋሎት ቦይለሮቹ የሚበሉት እንጨት ተራራውን መላጣ አደረገው። ሜዳ ስለሌለ ለክሪኬት ጨዋታ ብለው የተራራ አናት ደልድለዋል። እብዶች! ስወጣው ሦስቴ አረፍኩ።

ባቡር ስጡን ሲሉ ኖረው በ1910 ገባላቸው። ትልቁ ማዕድን በ1914 ተዘጋ። ሰዉ ቤቱን እያፈረሰ፣ እንጨቱንና ቆርቆሮውን በዚያው ባቡር ጭኖ ሄደ። ይህን ስሰማ አይሱዙው ፊቴ ድቅን አለ። የመብራት መስመር የደረሰው በ1998 ነው። እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የሕዝብ ቆጠራ 20 ሰው አገኘ።

ስለ ቁጠባ አልነግርህም፣ እናትህ ነግራሃለች። የዛሬ ልጆች ቤት ካልገዛችሁ ሰው የሆናችሁ አይመስላችሁም። እኔም በዕድሜህ እንደዚያው ነበርኩ። አትግዛ እንዳልልህ ደግሞ የዋልሃላ በረንዳዎች አበባ በአበባ ናቸው። እዚያ ከቀሩት ሰዎች አንዷ እኔን ሽማግሌውን ሻይ ጋብዛኛለች፣ የከፋት አትመስልም።

ብቻ እዚያ ስትደርስ ጂኦሎጂስቱን ፈልገህ «ስንት ዓመት ቀረው?» በለው። ሲመልስልህ ዓይኑን እይ። ጫማውን ካየ፣ ኮንትራቱን ሳትፈርም ደውልልኝ።