ስልኩ 58 ሲል ጣት ሲወጋ 104 ሆነ፤ የትኛውን ልመን?

ጥያቄ፦ የ68 ዓመቷ እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ሲሆኑ በእግራቸው ቁስል ምክንያት ሆስፒታል ተኝተዋል። እህቴ ከውጭ አገር የላከችው፣ ክንዳቸው ላይ የተለጠፈው መለኪያ የስኳራቸውን መጠን በየ5 ደቂቃው ወደ ስልኬ ያደርሳል። ባለፈው ሌሊት 58 ብሎ ሲጮህ ደንግጬ ስኳር በጥብጬ ላጠጣቸው ስል፣ ነርሷ ጣታቸውን ወግታ ብትለካ 104 ሆነ። መሣሪያውን እናንሳው ወይስ ይቆይ?
አንባቢያችሁ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ ይቆይ፤ ነርሷ ያደረገችውም ትክክል ነው። መለኪያው የሚያነበው ደሙን ሳይሆን ከቆዳ ሥር ያለውን ፈሳሽ ስለሆነ፣ ስኳር በፍጥነት ሲወጣ ወይም ሲወርድ ንባቡ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ሊዘገይ ይችላል። የእናትዎ ልዩነት ግን በመዘግየት ብቻ የመጣ አይመስለኝም። በዚያ ሰዓት መለኪያው ባለበት ጎናቸው ተኝተው እንደሆነ ያስታውሱ፤ ክንድ በሰውነት ክብደት ሲጫን በሥፍራው ያለው የፈሳሽ ዝውውር ስለሚቀንስ መሣሪያው ከእውነቱ ያነሰ ቁጥር ያሳያል፣ ገልበጥ ሲሉም ቀስ በቀስ ይስተካከላል። የሰውነት እብጠትና የደም ግፊት በጣም መውረድም ንባቡን ያዛባሉ፤ በአንዳንዶቹ መሣሪያዎች ላይ ደግሞ ብዙ ፓራሲታሞል ወይም ቫይታሚን ሲ እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ የኢንሱሊን መጠን የሚወሰነው ጣት ተወግቶ በሚገኘው ውጤት ነው።

ይሁንና ጣት የሚወጋው ባብዛኛው ከምግብ በፊትና ከመኝታ በፊት ሲሆን፣ በመካከሉ ያለውን ረጅም ሌሊት የሚጠብቀው ይኸው መለኪያ ነው። እኔ ከቁጥሩ ይልቅ ስልኩ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ ያለውን፣ ስኳሩ እየወጣ ወይም እየወረደ መሆኑን የሚያሳየውን ቀስት አያለሁ፤ ወደ ታች ካመለከተና እናትዎ የማታ ኢንሱሊን ተወግተው በምሳ ዕቃ የወሰዱላቸውን እንጀራ ሳይጨርሱ ከተኙ፣ ስኳራቸው የዝቅተኛነት መነሻ ወደሆነው 70 እስኪደርስ ሳይጠብቁ ለነርሷ ይንገሯት። ምን ያህል እንደበሉም አይደብቁ፤ ቤተሰብ ለሐኪም የማይነግረው ይህንኑ ነው።

ላብ ካጠመቃቸው፣ ከተንቀጠቀጡ ወይም ንግግራቸው ከተዛባ፣ ስልኩ ደህና ቁጥር ቢያሳይም ወዲያውኑ ነርስ ይጥሩ። ከደነዘዙ በአፍ ምንም አይስጧቸው፤ ፈሳሹ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፣ ስኳሩም በደም ሥር ሊሰጣቸው ይገባል። ቁስሉ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ሆኖ ባዶ ሆዳቸውን እንዲቆዩ ከታዘዘም ያለ ነርሷ ፈቃድ ምንም አያቅምሷቸው። ኤምአርአይ (በማግኔት የሚሠራ የምስል ምርመራ) ከታዘዘላቸው መለኪያ መለጠፉን አስቀድመው ያሳውቁ፤ አንዳንዶቹ ከምርመራው በፊት መነሳት አለባቸው።