ዳኛ ተጨመረም ተቀነሰም ፋይላችሁን አታስተኙት

ሰሞኑን ቡና ላይ ወሬው ሁሉ እዚህ አሜሪካ ትቀመጣላችሁ ወይስ ትባረራላችሁ ብለው የሚወስኑት የኢሚግሬሽን ዳኞች ነው። አንዱ «ዳኛ ሊቀጥሩ ነው፣ ኬዛችን ቶሎ ያልቃል» ይላል። ሌላው «ኧረ ተወው፣ ያሉትንም እያባረሩ ነው» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። የሚገርመኝ ሁለቱም ወሬውን ይዘው እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጣቸው ነው። እኔ ቨርጂኒያ ከገባሁ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የራሴን ኬዝ ከጨረስኩ በኋላም ከስንት ሰው ጋር ኮርት ተመላልሻለሁ፤ እንደ ታላቅ ወንድም ስሙኝ።

መጀመሪያ ገንዘቡን እንይ። ዳኛ መቅጠር ማለት ደመወዝ መክፈል ብቻ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። ደመወዙ በዓመት ከ150 ሺህ ዶላር በላይ ነው፣ ግን ወጪው እሱ ብቻ አይደለም። ዳኛው ችሎት ይፈልጋል፣ ፋይል የሚያደራጅለት ሠራተኛ ይፈልጋል፣ ሕግ አገላብጦ ውሳኔ የሚያረቅለት ወጣት ጠበቃ ይፈልጋል፣ እኛ ስንቀርብ ደግሞ የአማርኛ ወይም የትግርኛ ወይም የኦሮምኛ አስተርጓሚ ይመጣል፣ እሱንም የሚከፍለው መንግሥት ነው። በ2024 የእነዚህ ፍርድ ቤቶች በጀት 844 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ ዳኞቹ 700 ገደማ። አካፍሉት፤ በአንድ ዳኛ 1.2 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ይደርሳል። የተከመረው ፋይል ደግሞ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ነበር፣ ለአንድ ዳኛ 5 ሺህ ፋይል መሆኑ ነው።

እነዚህ ዳኞች እንደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛ የዕድሜ ልክ ሹመት የላቸውም። የፍትሕ ሚኒስቴር ተቀጣሪዎች ናቸው፣ ስለዚህ ቁጥራቸው ከፖለቲካው ጋር ይወጣል ይወርዳል። በ2025 የሆነውን ተመልከቱ። ብዙ ዳኞች ተባረሩ። በጁላይ የወጣው ሕግ ለፍትሕ ሚኒስቴር ዳኛና ረዳት ሠራተኛ መቅጠርን ጨምሮ 3.3 ቢሊዮን ዶላር ያህል መደበ፣ ግን ከኖቬምበር 2028 ጀምሮ ዳኞቹ ከ800 እንዳይበልጡ ጣሪያ አበጀለት። ያው ሕግ ስደተኛ ለሚታሰርበት ማቆያ ቤት 45 ቢሊዮን ሰጠ። ቅድሚያ የተሰጠው ለየትኛው እንደሆነ ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልገኝም። በሴፕቴምበር ደግሞ የጦር ሠራዊት ጠበቆች ጊዜያዊ ዳኛ ሆነው እንዲቀመጡ ተፈቀደ።

ወጪው የእኛንም ኪስ ነክቷል። በዚያው ሕግ አሳይለም (ጥገኝነት) ለማመልከት 100 ዶላር፣ ኬዙ ሳይወሰን ለቆየበት ለእያንዳንዱ ዓመት ሌላ 100 ዶላር ተጣለ። 110 ዶላር የነበረው ይግባኝ ከ900 በላይ ገባ። ክፍያው ስለሚለዋወጥ ጠበቃችሁን ጠይቁ፣ በመንግሥት ድረ ገጽ ብቻ ክፈሉ፣ ደረሰኙን ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ። «እኔ ልክፈልልህ» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ ሩጡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አዲስ ዳኛ ሲቀጠር ወይም አዲስ ፍርድ ቤት ሲከፈት ፋይል የሚያገኘው ከየት ነው? ከሌላው ዳኛ ቁልል ላይ ነው፣ ማለትም ከእናንተ። ቀጠሮ መራዘም ብቻ ሳይሆን ወደ ቅርብ ቀንም ይዘላል። አንድ ወዳጄ ሂሪንጉ (ዳኛው ፊት የሚቀርብበት ቀጠሮ) 2027 ነው ብሎ ተኝቶ ነበር። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አሌክሳንድሪያ ሲዛወር ለወርክ ፐርሚቱ ብሎ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ አድራሻ ቀይሯል፣ በቃ ጨረስኩ አለ። ፍርድ ቤቱ ግን ሌላ ቤት ነው። ለእሱ ራሱን የቻለ ፎርም አለው፣ EOIR-33 ይባላል፣ በተዛወራችሁ በ5 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። የድሮ ሩምሜቱ ከፒዛ ኩፖን መሃል ቀጠሮው መቅደሙን የሚነግረውን ፖስታ ባያገኝለት ኖሮ አልቆለት ነበር። ሲከፍተው ቀኑ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል! ካልቀረባችሁ ዳኛው በሌላችሁበት የመባረር ውሳኔ ሊሰጥ ይችላል፣ «አልደረሰኝም» ብሎ ያን ማስቀልበስ ደግሞ ሌላ ጣጣና ሌላ ጠበቃ ነው። ለማንኛውም ጠበቃ ራሳችሁ ናችሁ የምትይዙት፣ እዚህ ችሎት መንግሥት ጠበቃ አያቆምም።

መጠበቁ ሌላም ነገር ያበላሻል፣ ትዝታን። ከአምስት ዓመት በፊት የጻፋችሁትን ቃል አውጥታችሁ አንብቡት። በተለይ ቀኖቹን። የኛ ዓመተ ምሕረት ስንቱን ጉድ አድርጓል! ኅዳር 2009 በፈረንጁ 2016 ነው፣ መጋቢት 2009 ግን 2017። ብዙ ሰው ዝም ብሎ ስምንት ይደምራል። ከዚያ የመንግሥት ጠበቃው «ኖቬምበር 2017 ታሰርኩ ብለህ ነበር፣ ፓስፖርትህ ግን ያን ጊዜ ከአገር ወጥተሃል ይላል» ብሎ ያፋጥጣችኋል፣ እናንተ ስለ ካላንደር ልታስረዱ ትንተባተባላችሁ፣ አዲሱ ዳኛ ደግሞ ስለ ጳጉሜ ሰምቶ አያውቅም። አሁኑኑ ቁጭ ብላችሁ አስተካክሉት፣ ስህተት ካለ ጠበቃው ከሂሪንጉ በፊት ያስገባው። ያኔ ምስክር የሆነላችሁ ሰው ስልኩ ይሠራል ወይ? ደውሉለት።

ኤ ነምበራችሁን (ኢሚግሬሽን ወረቀታችሁ ላይ በA የሚጀምረውን ቁጥር) ይዛችሁም በ1-800-898-7180 ራሳችሁ ደውሉ፣ ማሽኑ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ይነግራችኋል። ያ ወዳጄ አሁን ሰኞ ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ እየነዳ ስፒከር ላይ አድርጎ ያዳምጣል። ባለፈው ሳምንት እኔም መኪናው ውስጥ ነበርኩ፣ ቀኑ አልተቀየረም።